ቱርቦው ተቀይሮም ጭሱ ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦ የናፍታ መኪናዬ ሰማያዊ ጭስ ሲያበዛ «ቱርቦው ሄዷል» ተብዬ አዲስ አስገጠምኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ጭሱ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ነዳጅ ስሰጠው እንደ ሳይረን ይጮሃል። ሌላ ቱርቦ ልግዛ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ለምን እንደተበላሸ ሳይታወቅ አይግዙ። ሳይረን የሚመስለው ድምፅ የቱርቦው ክንፎች ቤታቸውን መፋቅ መጀመራቸውን ሊያመለክት ስለሚችል፣ እስኪመረመር ድረስ መኪናውን አይንዱት።

ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ አየር የሚያምቀው መሣሪያ፣ በራሱ ጥፋት የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ትንንሾቹማ 200,000ን ያልፋሉ። በአብዛኞቹ ቱርቦዎች ብረት ከብረት እንዳይፋተግ የሚያደርገው ከሞተሩ በግፊት የሚመጣ ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሰከንድ ከተቋረጠ ወይም ቆሻሻ ይዞ ከመጣ የዘንጉ መቀመጫ ይበላል፤ ዘንጉም መወዛወዝ ይጀምራል።

መካኒኩ በመጀመሪያ ወደ ቱርቦው ዘይት የሚያመጣውን ቀጭን ቧንቧ ይይ። ውስጡ በተቃጠለ ዘይት ከጠበበ አጥቦ መመለስ አያዋጣም፤ በአዲስ ይለወጥ። በአንዳንድ ሞተሮች በቧንቧው ቡሎን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች፤ ብዙ ጊዜ የምትረሳው እሷ ናት። ቀጥሎ የመመለሻው ቱቦ ይታይ። በዚህ በኩል ዘይቱ የሚወርደው ያለ ግፊት፣ በክብደቱ ብቻ ስለሆነ፣ ቱቦው ከታጠፈ ወይም ከጠበበ መውጫ አጥቶ በቱርቦው ማኅተሞች በኩል ወደ አየር መስመሩና ወደ ጭስ መውጫው ያልፋል። ያኔ ጤነኛ ቱርቦም ያጨሳል። የሞተሩ መተንፈሻ ቢደፈንም ሆነ የፒስተን ፋሻዎች አልቀው ጋዝ ወደ ታች ቢገፋ ውጤቱ ያው ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይቱ ክዳን ሲላላ ጋዙ በኃይል ከገፋው እነዚህን ሁለቱን ይጠርጥሩ። ከሥር ባለው የዘይት መያዣ ውስጥ ያለው መሳቢያ ወንፊትም ይፈተሽ።

ቱርቦው ያመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ወርዶ ይታጠብ። የአሮጌው ቱርቦ ዘይትና የብረት ቁርጥራጭ እዚያ ይቀራል። ዘይቱ ተመልሶ ሲቃጠል አዲሱ ቱርቦ የተበላሸ ያስመስለዋል፤ በናፍታ ሞተር ላይ ደግሞ ከማሳሳት የከፋ አደጋ አለው። ብዙ ዘይት ወደ አየር መስመሩ ከገባ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ እያቃጠለ በራሱ ዙሩን ይጨምራል፤ ቁልፍ ቢዘጋም አይጠፋም። የእጅ ማርሽ ከሆነ ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ በከፍተኛው ማርሽ ፍሪሲዮን በመልቀቅ ማነቅ ይቻላል። አየር መሳቢያውን በእጅ ለመድፈን ፈጽሞ አይሞክሩ።

አዲሱ ሲገጠም ዘይትና ፊልትሮው አብረው ይለወጡ። በዘይት መግቢያው ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት ጨምሮ ዘንጉን በእጅ ማዞር፣ ከዚያ ነዳጅ አቋርጦ የዘይት ግፊት እስኪመጣ ማስነሻውን በአጭር በአጭሩ ማዞር፣ ከተነሣ በኋላም ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ብቻ ማቆየት ያስፈልጋል። በዘይት መስመሩ መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን አይቀባ፤ ተላጦ ቀዳዳውን ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ዘይት አልጨመርኩም፤ መለኪያው ላይ ግን ከፍ እያለ ነው። መኪናዬ የጭስ ማጣሪያ ያለው ናፍታ ነው፤ የምነዳው አጭር መንገድ ነው።

መልስ፦ በአብዛኛው የሚጨመረው ናፍታ ነው። ማጣሪያው ጥላሸቱን ለማቃጠል 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ብዙ ሞተሮች ይህን ለማግኘት ዘግይቶ የሚረጭ ትርፍ ናፍታ ይጠቀማሉ፤ ከእሱ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ማቃጠሉ ሳያልቅ ሞተሩ በተደጋጋሚ ከጠፋ ነገሩ ይደጋገማል። የቀጠነ ዘይት ቱርቦውንም ብሮንዚኑንም (የሞተሩን ዘንግ መቀመጫ) ይጎዳል። ደረጃው ከከፍተኛው ምልክት ካለፈ የመለወጫ ቀኑን ሳይጠብቁ ዘይቱን ይለውጡ፤ አዲሱም አምራቹ ለማጣሪያ ላላቸው መኪኖች ያዘዘው ዝቅተኛ አመድ ያለው ዓይነት ይሁን። ከዚያ በየጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በተረጋጋ ፍጥነት ረጅም መንገድ ይንዱ። እንዲህም ሆኖ ከፍ ማለቱን ካላቆመ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ናፍታ የሚረጨው አፍንጫ) ይፈለግ።

ጥያቄ፦ ኃይል አጥቷል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ስረግጠው «ሽሽ» ይላል። ቱርቦ ነው?

መልስ፦ በቱርቦውና በሞተሩ መካከል ያሉትን የጎማ ቱቦዎች አስቀድመው ይዩ። መጋጠሚያቸው አካባቢ አዲስ የዘይት እርጥበት ካለ የታመቀው አየር በዚያ እያመለጠ ነው። አየሩ ሲያንስ ናፍታው በደንብ አይቃጠልም፤ ጭሱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተር ከማጥፋት በፊት መጠበቅ ግዴታ ነው?

መልስ፦ ዳገት ወይም ረጅም ፈጣን ጉዞ ወዲያው ከጨረሱ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ያቆዩት። ያለዚያ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቆመው ዘይት ተቃጥሎ ይጋገራል። ጭሱ ከናፍታ ይልቅ በሚግለው የቤንዚን ቱርቦ ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች በዝግታ ከነዱ ግን ቀዝቅዟልና ያጥፉት።