ለቤተ ሙከራ አይጦች ማዘን ድክመት ነውን?

ጥያቄ፦ በአንድ የመድኃኒት ምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ አይጦችን የምመግብና የምንከባከብ ሠራተኛ ነኝ። ጥናቱ ሲያበቃ እንስሳቱ ይገደላሉ፤ ያን ዕለት እህል አይወርድልኝም። ባልደረቦቼ «ስም አታውጪላቸው፣ አትላመጃቸው» ይሉኛል። ማዘኔ ለሥራው ብቁ አለመሆኔን ያሳያልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አያሳይም። እንስሳን በየዕለቱ የሚመግብና የሚያጸዳ ሰው መላመዱ አይቀርም፤ ይህም ስመ ጥር በሆኑ ሳይንቲስቶች ላይ ሳይቀር የደረሰ ነው። የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በኅዳር 1957 ላይካ የተባለችውን ውሻ መመለሻ ወደሌለው የጠፈር ጉዞ ከመላካቸው በፊት፣ ሐኪሙ ቭላዲሚር ያዝዶቭስኪ ቤቱ ወስዶ ከልጆቹ ጋር እንድትጫወት አድርጓል፤ የቀራት ዕድሜ አጭር መሆኑን ስለሚያውቅ አንድ ደግ ነገር ሊያደርግላት ፈልጎ ነበር። ላይካ መንኰራኩሯ በመጠቀች በሰዓታት ውስጥ በሙቀት ሞተች፤ እውነቱ ለሕዝብ የተነገረው ግን በ2002 ነው። በዝግጅቷ የተሳተፈው ኦሌግ ጋዜንኮም በ1998፣ ጊዜው በራቀ ቁጥር ጸጸቱ እንደሚብስበትና ከጉዞው የተገኘው ዕውቀት ለሞቷ በቂ ምክንያት እንዳልነበረ በይፋ ተናግሯል።

በእኛ እምነት የጋዜንኮ ንግግር ትልቅ ቁም ነገር የያዘ ነው፤ ምክንያቱም ሐዘኑ ማንኛውም ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ሊነሣ የሚገባውን ጥያቄ፣ ማለትም የሚገኘው ዕውቀት ለእንስሳው ሕይወት ይመጥናል ወይ የሚለውን አስነሥቶበታል። የእንግሊዝ ሳይንቲስቶቹ ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች በ1959 ስለ እንስሳት ሙከራ ያቀረቧቸው ሦስት መርሆችም፣ በተቻለ መጠን በእንስሳ ፈንታ ሌላ ዘዴ መጠቀምን፣ የእንስሳቱን ቁጥር መቀነስንና ሥቃያቸውን ማቅለልን ያዛሉ።

ሦስተኛው መርህ በእርስዎ እጅ ነው። በ2010 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ አይጥን በጅራቷ አንጠልጥሎ ማንሣት ፍርሃቷን ያባብሳል፤ በተጣመሩ መዳፎች ሲያነሷት ወይም በኬጁ ውስጥ በተቀመጠ ቱቦ ገብታ ሲያዛውሯት ግን ትረጋጋለች፣ ወደ ሰው እጅም በፈቃዷ ትቀርባለች። የፈራ እንስሳ ባሕርይም ሆነ በሰውነቱ ያለው የሆርሞን መጠን ስለሚለወጥ፣ የእርስዎ ርኅራኄ ለጥናቱ ውጤት ትክክለኛነትም ይጠቅማል።

ሐዘኑን ለብቻዎ እንዳይሸከሙትም አደራ እንላለን። በጃፓን ብዙ የምርምር ተቋማት ለሞቱት እንስሳት በየዓመቱ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ያካሂዳሉ፤ ተመራማሪዎቹም አበባ ያኖራሉ። እርስዎም አለቃዎን ጥናቱ የሚያበቃበትን ቀን አስቀድመው እንዲያሳውቁዎት ይጠይቁ፤ ግድያውን እንዲፈጽሙ ቢመደቡ ደግሞ፣ ራስዎ ለተንከባከቧቸው አይጦች ሌላ የሠለጠነ ባልደረባ እንዲተካዎት ማመልከት ይችላሉ።