ብሬከሩ መውደቅ ትቷል፣ ቆርቆሮው ግን ይነዝራል

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ጠባሴ፣ በአንድ ግቢ አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። 20 አምፔሩ ብሬከር እየወደቀ ሲያስቸግረን አንድ ሠራተኛ በ40 ቀየረልን። አሁን አይወድቅም፤ ግን በመጋገሪያ ቀን የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የማድ ቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ ይነዝራል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መፍትሔ እስኪያገኝ ሁለቱንም ምጣድ አታብሩ፣ ቆርቆሮውንም ልጆች እንዳይነኩት አድርጉ። የጻፋችሁት ሁለት የተለያየ ብልሽት ነው። አንዱ ቤት ያቃጥላል፣ ሌላው ሰው ይገድላል።

ከሽታው እንጀምር። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። አንድ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ሁለቱ አብረው ከበሩ 36 ይደርሳል። በኪራይ ቤት በብዛት የሚዘረጋው 2.5 ስኩዌር (የመዳቡ ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ) ሽቦ ነው፤ ለእሱ የሚገባው ብሬከር ደግሞ ያው የተነሳው 20 ነበር። ሲወድቅ የነበረው ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራውን ስለሠራ ነው። 40 ሲገባ ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆነ። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ተሰነጣጥቆ ሽቦዎቹ ይነካካሉ። ብልጭታው የማዳበሪያ ኮርኒስ ካገኘ፣ ጣራችሁ የተያያዘ ከሆነ፣ እሳቱ የተነሳበትን ቤት ብቻ በልቶ አይቆምም።

ዋናውን ማጥፊያ አጥፉና ብሬከሮቹ ያሉበትን የማከፋፈያ ሳጥን ክዳን አስከፍቱ። ሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመጋጠሚያ ነው፦ ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ከተጠቀለለ፣ ብሎኑ ከላላ፣ ወይም አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር በቀጥታ ከታሰረ። ጫፉ የጠቆረው ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ተቆርጦ በብሎን ማያያዣ ይጠብቅ። ፕላስቲኩ ሲያጥፉት የሚሰበር ከሆነ ግን መቀጠል አያዋጣም፣ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ይውጣ።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ምጣድ ከማከፋፈያው የራሱ መስመር ይዘርጋ፦ 4 ስኩዌር መዳብ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር። ለሶኬት 2.5 ከ20 ጋር፣ ለአምፖል 1.5 ከ10 ጋር። ምጣድ በ16 አምፔር ሶኬት አይሰካ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጋገር ሶኬቱ ይቀልጣል። ዲቫይደርማ ጭራሽ አይታሰብ። ከቆጣሪው ወደ ማከፋፈያው የሚመጣው ሽቦም ሁለት ምጣድ መሸከሙ ይረጋገጥ፤ ካልቻለ እስኪቀየር በተራ ጋግሩ። ከቆጣሪው ወደ ምሰሶው ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ማኅተሙን ማንም አይንካ፣ ለተጨማሪ ኃይል በባለንብረቱ ስም ማመልከቻ ይግባ።

አሁን ወደ ንዝረቱ። ሰውን ለመግደል 0.03 አምፔር ያህል በደረት ማለፉ ሊበቃ ይችላል፤ 40 አምፔር የሚጠብቅ ብሬከር ይህን ጨርሶ አያየውም። የተለመደው መነሻ ሁለት ነው። አንደኛው በቆርቆሮው ቀዳዳ ያለ ቱቦ ያለፈ ሽቦ ነው፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ፕላስቲኩን ይልጠዋል። ሁለተኛው ምጣዱ ራሱ ነው፦ ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡ ወደ ውስጥ ይሰርግና የሚግለውን ሽቦ ከቆርቆሮ አካሉ ጋር ያገናኘዋል። ምጣዱ ግድግዳውን ተደግፎ ከቆመ ግድግዳውም ይነዝራል።

ለመለየት ሁሉም ይነቀል፣ ዋናው ይብራ፣ ባለሙያው በመልቲሜትር በቆርቆሮውና እርጥብ መሬት ውስጥ በተተከለ ብረት መካከል ይለካ። ሜትሩ ቮልት ካሳየ ጥፋቱ የመስመር ነው፤ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፉ የትኛው እንደሆነ ማግኘት ይቻላል። ካላሳየ ምጣዶቹ በየተራ ይታዩ። በቴስተር ብቻ አትመኑ፣ ምንም ሳይነካው በአቅራቢያው ባለ ሽቦ ብቻ ሊበራ ይችላል።

ከምጣዶቹ አካልና ከቆርቆሮው የሚያፈተልከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ 1.5 ሜትር የኧርዝ ብረት እርጥበት በማይለየው ቦታ ይቀበር፤ ጥቁር አፈር በበጋ ስለሚሰነጠቅ ከውኃ መፍሰሻ አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ብረቱ ብቻውን ግን አያድንም። የመሬቱ መቋቋም 50 ኦም ቢሆን የሚያልፈው 4.4 አምፔር ነው፤ ብሬከር በዚህ አይወድቅም። ስለዚህ ከዋናው ቀጥሎ፣ አምፔሩ ከዋናው ብሬከር የማያንስ፣ በ30 ሚሊአምፔር የሚያጠፋ አርሲዲ ይግባ። ይህ ወደ መሬት የሚያፈተልከውን ለይቶ ያጠፋል፤ ከመጠን ያለፈ ጭነት ግን ስለማይመለከተው ብሬከሮቹን አይተካም። ኑሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከምጣዱ አካል ጋር አስሮ «ኧርዝ ሠራሁ» የሚል ሠራተኛ ከመጣ አሰናብቱት፤ ኑሉ የተበጠሰ ቀን የምጣዱ አካል በሙሉ ፌዝ ይሆናል፣ ማለትም የነካውን ይይዛል።

ዋናው ማጥፊያ ባለቤቱ ቆልፎ በሚሄድበት ክፍል ውስጥ አይሁን። አምስቱም ቤት በሌሊት ሊደርስበት በሚችል፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ይሰቀል። እሳት ቢነሳ መጀመሪያ ዋናው ማጥፊያ ይጠፋል፤ ከዚያ በፊት ውኃ አይደፋም፣ አፈር ወይም አሸዋ ይጣል። ሥራው እስኪያልቅ መብራት ሲጠፋ ብርዱን ፈርታችሁ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አታስገቡ፤ ፍም ሆኖ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፣ ሽታ የለውም። አርሲዲው ላይ ያለችውን መሞከሪያ ቁልፍ በወር አንዴ ተጫኗት፤ ካላጠፋች አርሲዲው ይቀየር።