ሰርቪስ ቻርጁ ከማን ኪስ ይውጣ? ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

ባሕር ዳር ላይ ትንሽ የዲዛይንና የትርጉም ሥራ አለችኝ። ሥራ ሲበዛ ለሌሎች አካፍላለሁ። ጎንደር ያለ ልጅ አለ፣ ወረታ ያለች አለች፣ እዚሁ ከተማ ያሉም አሉ። ከሥራው እኩል የሚያደክመኝ መክፈሉ ነው። "ሥራ ለምታካፍሏቸው ሰዎች ገንዘብ ስትልኩ የከበዳችሁን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ እነዚህን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከቴሌብር፣ ከኤምፔሳና ከባንክ አፕ የቱ ይረክሳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ገንዘቡ አሁን የት እንዳለ ንገረኝ። ደንበኛህ በንግድ ባንክ ከከፈለህና ልጁም የንግድ ባንክ ደብተር ካለው እዚያው ላክለት። መጀመሪያ ወደ ቴሌብር አዙረህ ከዚያ ወደ ሌላ ባንክ ከላክህ ሁለት ቦታ ሊቆረጥብህ ይችላል። በአገልግሎት ክፍያው ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይታሰባል። ታሪፍ ይቀያየራልና ፒን ከማስገባትህ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር አንብብ። እኔ አዲስ ሰው ስይዝ ከስልክ ቁጥሩ ቀጥሎ የምጠይቀው የየት ባንክ ደብተር እንዳለው ነው።

ጥያቄ፦ የሴራሚክ ሥራ እይዛለሁ። አንጣፊዎቹን በየቀኑ በስልክ ስከፍል ሰርቪስ ቻርጁ በላኝ። በሳምንት ላድርገው?

መልስ፦ ሒሳቡን ብቻ ካየን አዎ። አብዛኛውን ጊዜ 2,000 ብር አምስት ጊዜ ከመላክ 10,000 አንዴ መላክ ይረክሳል። ግን ማታ ዳቦና ዘይት ገዝቶ የሚገባ ሰው ቅዳሜን መጠበቅ አይችልም። ለሱ በየቀኑ ክፈለው፣ ቻርጁንም አንተ ቻለው። ለዋናው ባለሙያ ግን አስቀድማችሁ ከተስማማችሁ በሳምንት ይሁን።

አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሠዓሊ ልጅ 4,000 ብር በስልኩ ላክሁለት። ማታ ሐይቁ ዳር ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሁለት መልእክት አሳየኝ። አንደኛው ሙሉ 4,000 መግባቱን ይላል። ሁለተኛው ኤጀንት ጋ ጥሬ ብር ሲያወጣ የመጣ ነው፤ እሱ ላይ ተቆርጧል። አልተቆጣም። "ጋሼ፣ ቀለሙን በዱቤ ነበር የወሰድሁት" ብቻ አለኝ። ለባለሱቁ የጎደለውን ነገ አመጣለሁ ብሎ ነበር የመጣው። አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ በጥሬው ለሚያወጣ ሰው የማውጫውን ክፍያ ደምሬ እልካለሁ። ዋጋ ስንነጋገርም "እጅህ የሚገባው ስንት ይሁን?" ብዬ ነው የምጀምረው።

ጥያቄ፦ እንግዶች ወደ ዘጌ ገዳማት እወስዳለሁ። ጀልባውንም አስጎብኚውንም በየጉዞው እከራያለሁ። እንግዶቼ ቀብድ የሚልኩት አሜሪካ ላለችው እህቴ በፔይፓል (በኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያ) ነው። ለምን እየጎደለ ይደርሰኛል?

መልስ፦ ፔይፓል ላይ ሁለት ዓይነት መላኪያ አለ። አንዱ ለቤተሰብና ለወዳጅ፣ ሌላው ለዕቃና ለአገልግሎት። በሁለተኛው ሲላክ የሚቆረጠው ከተቀባዩ ነው። እህትህ ላይ የደረሰው ይኸ ነው። በመጀመሪያው ሲላክ ከፋዩ ነው ቻርጁን የሚሸከመው። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ከባንኩ ወይም ከፔይፓል ሒሳቡ ከላከ ምንም አይቆረጥበትም። በካርድ ከላከ ግን 2.9 በመቶና ትንሽ ቋሚ ክፍያ ይጨመርበታል፤ 100 ዶላር ሲልክ ከ3 ዶላር በላይ መሆኑ ነው።

እንግዲያው እንግዶቹን "ወዳጅ በሚለው ላኩ" ልበላቸው? አትበል። ለሥራ ክፍያ መጠቀም ከፔይፓል ደንብ ውጭ ነው። ጉዞው ቢሰረዝ እንግዳውም የገዢ ከለላ አያገኝም። እህትህም በስሟ የሚገባው ገንዘብ የግብር ጥያቄ ሊያስነሳባት ይችላልና ተነጋገሩበት። የሚሻለው ቻርጁን የጉዞው ዋጋ ውስጥ መክተት ነው። ከጀልባው ሰው ላይ ግን እንዳትቀንስ። ነዳጁን በራሱ ገንዘብ ሞልቶ ነው ወደቡ ላይ የሚጠብቅህ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ባሕር ዳር ላሉ ሦስት ልጆች የዌብሳይት ሥራ እሰጣለሁ። በክሬዲት ካርድ ልላክላቸው ወይስ ከባንክ?

መልስ፦ ከባንክ። አንዳንዴ ቀናት ይወስዳል፣ ግን ይረክሳል። ብዙ ባንኮች በክሬዲት ካርድ የተላከን ገንዘብ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል። ያኔ ከላኪው ድርጅት ቻርጅ በተጨማሪ ካርድህ ላይ ሌላ ክፍያ ይመጣል፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ሱቅ ሄደህ በጥሬው መላክም አሁን ይወደዳል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ የሚላክ ላይ 1 በመቶ ታክስ አለ። ከባንክ ሒሳብ ወይም እዚያ በወጣ ካርድ የተላከን አይነካም።

"ቻርጅ የለም" የሚል ማስታወቂያ ስታይ ምንዛሬውን ተመልከት። የተቀነሰው እዚያ ሊሆን ይችላል። ሁለት አገልግሎት ክፈትና ለ300 ዶላር ስንት ብር እንደሚደርስ አወዳድር። ውላችሁ በዶላር ይሁን በብርም አስቀድማችሁ ጻፉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በብር የተዋዋሉ ልጆች ምን እንደተሰማቸው አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ደንበኛዬ ክፍያ አዘገየብኝ። ሠራተኞቹን ከቴሌብር ተበድሬ ልክፈላቸው?

መልስ፦ አባቴ፣ የደንበኛዎ ገንዘብ የሚገባበትን ቀን በእርግጥ ካወቁና ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ ይቻላል። የቴሌብር ብድሮቹ፣ መላም ሆነ እንደኪሴ፣ የራሳቸው ክፍያ አላቸው። መመለሻውን ቀንና ጠቅላላ የሚመልሱትን ብር ወረቀት ላይ ይጻፉት። ቀኑን ካላወቁ ግን ሠራተኞቹን ሰብስበው እውነቱን ይንገሯቸው፣ ያለዎትን አካፍለው ይስጡ።

ጥያቄ፦ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ የሚያዝ ቅድመ ግብር) ስቀንስ ሠራተኛው ቆረጥሽብኝ ብሎ ይቀየመኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ደረሰኙን ስለማትሰጪው ነው የሚቀየመው። ይኼ ቻርጅ አይደለም፤ ከራሱ ግብር ላይ የሚታሰብለት ነው። አሁን 3 በመቶ ነው፣ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ለሌለው ግን 30 በመቶ ይደርሳል። ሥራ ሳይጀምር ቲን እንዲያወጣ ንገሪው። የቀነስሽበትን ደረሰኝ በዚያው ቀን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት።

ጥያቄ፦ ኔት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ቴሌብር በ*127#፣ ንግድ ባንክ በ*889# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፒን ከማስገባትህ በፊት የተቀባዩን ስም ጮክ ብለህ አንብብ። ልጁ አጠገብህ ካለ እሱ ያንብበው።