መልስ፦ «አዲስ አንቀጽ» ስለው ቃሉን ራሱን ይጽፈዋል

ወንድሜ፣ በጎግል ዶክስ (በኢንተርኔት በሚሠራው የጎግል መጻፊያ) በድምፅ ስታስጽፍ «አዲስ አንቀጽ» ብትለው ቃሉን ራሱን እየጻፈ ሦስት ገጽ አንድ ላይ እንደተጋገረብህ ነግረኸናል። ማይክህ ጤነኛ ነው። ጎግል ዶክስ አማርኛ ሰምቶ ይጽፋል እንጂ የድምፅ ትእዛዝ በአማርኛ አይገባውም። «አዲስ አንቀጽ» ስትለው እንደማንኛውም ቃል ይከትበዋል፤ ሦስቱ ገጽ አንድ ላይ የተጋገረብህ ለዚሁ ነው።

ቀላሉ መንገድ ማይኩን ሳታጠፋ አንቀጹ ሲያልቅ ኢንተርን በእጅ መምታት ነው። እኔ ግን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ላፕቶፑን መስኮት ላይ አስቀምጬ እየተንጎራደድኩ ስለማወራ እጄ ኪቦርድ አይደርስም። ስለዚህ ሆን ብዬ «አዲስ አንቀጽ» እላለሁ፣ ይጻፈው። ስጨርስ ወደ ማይክሮሶፍት ወርድ ገልብጬ፣ መፈለጊያና መተኪያው እንዲከፈት ኮንትሮልና ኤች እጫናለሁ። የሚፈለገው ቦታ ላይ «አዲስ አንቀጽ» ብለህ ጻፍ፤ የሚተካው ቦታ ላይ ሞርን ከፍተህ ስፔሻል ውስጥ ፓራግራፍ ማርክን ምረጥ፣ ከዚያ ሪፕሌስ ኦል። አንዳንዴ «አንቀፅ» ብሎ በፀሐዩ ፀ ስለሚጽፈው ሁለቱንም ፈልግ፤ እኔን ግማሽ ቀን ያስለፋኝ እሷ ናት። «አራት ነጥብ» ብለህ ያስጻፍከውንም በዚያው በ«።» ትተካዋለህ።

ትናንት አንዱ አንቀጽ መሃል «ቆራሌው» የሚል አገኘሁ። ለእሱ መስኮት ከመዝጋት ሌላ ዘዴ የለኝም።