መልስ፦ የክፍል ጓደኛዬን ረቂቅ ጽሑፍ እንዴት ላሻሽለው?
የጓደኛህን «ሰው ሠራሽ አስተውሎት በትምህርት» የሚል ረቂቅ ከየት ጀምሬ ላርም ላልከው፦ ሰዋስዉን ለኋላ አቆየው። መጀመሪያ «ዓለምን እየለወጠ ነው» የሚለው መግቢያ ይውጣ፤ ሁሉም የሚለው ነው። በምትኩ አንድ ተማሪ ይግባበት። እዚህ ጅማ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ያደገ ልጅ ቻትጂፒቲን (ለጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) ስለ ፊዚክስ ሲጠይቅ ምን ያገኛል? እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች በብዛት የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። በእኛ ቋንቋዎች ሲመልሱ ስህተታቸው ይበዛል። ራሳችሁ ሞክሩት። አንዱን ጥያቄ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጠይቁ፤ መልሶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጽሑፉ ነፍስ የሚዘራው እዚህ ጋ ነው።

ረቂቁ የጠቀሳቸውን ምንጮችም አንድ በአንድ ፈልጋቸው፤ ከቻትጂፒቲ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ቻትጂፒቲ አንዳንዴ የሌለ ጥናት ከነደራሲው ፈጥሮ ይሰጣል፤ ያውም አፉን ሞልቶ! ያልተገኘው ይሰረዝ።

ብቻ አንተ እንዳትጽፍለት። ጥያቄህን ዳር ላይ አስፍርለት፣ እሱ ይመልሰው።