ስለ ሱፐርቻርጀር የቀረቡ አራት ጥያቄዎች

በቅርቡ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በየዕለቱ በሚነዱ የስፖርት መኪኖች ላይ ሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ጉልበት እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ስለመግጠም የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ አራቱን መርጬ በአንድነት መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ የሞተሬ የመጭመቅ ምጣኔ 11 ለ1 ሲሆን ባለ95 ኦክቴን ቤንዚን እጠቀማለሁ። 0.5 ባር ግፊት የሚሰጥ፣ ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዝ ክፍል) የሌለው ሱፐርቻርጀር ቢገጠምለት ይችለዋል?

መልስ፦ እንዲህ እንዳለ አልመክርዎትም። 0.5 ባር በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ ሞተሩ እስካሁን ከለመደው አንድ ተኩል እጥፍ ግፊት ያለው አየር ይገባበታል ማለት ነው። አየር ሲታመቅ ደግሞ ይግላል፤ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው አየር፣ ቅልጥፍናው 60 በመቶ ገደማ በሆነ የሩትስ ዓይነት ሱፐርቻርጀር ውስጥ አልፎ ሲወጣ ከ80 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ይህን ትኩስ አየር ፒስተኑ ዳግም 11 እጥፍ ሲጨምቀው፣ ቤንዚኑ የካንዴላውን ብልጭታ ተከትሎ በሥርዓት በመንደድ ፈንታ ከፊሉ በራሱ ይፈነዳል። ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደማንኳኳት ነው፤ ነገር ግን በፍጥነት ሲነዱ የነፋሱና የጭስ ማውጫው ጩኸት ስለሚውጠው፣ ሹፌሩ ሳይሰማው ፒስተኑ ፋሻው (ዙሪያውን የሚከበው ቀለበት) በሚቀመጥበት ጠርዝ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ኢንተርኩለር ይጨምሩ፤ ግፊቱንም ይቀንሱ። የሞተሩ ኮምፒውተር በሙሉ ግፊት ጊዜ ብልጭታውን እንዲያዘገይና የአየርና የነዳጁን ምጣኔ 12 ለ1 አካባቢ እንዲያደርግ፣ ሥራውን በሚያውቅ ባለሙያ ይስተካከል። ከሁሉም አስቀድሞ ግን የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጉልህ ካነሰ ገንዘብዎን ለሞተሩ እድሳት ያውሉት።

ጥያቄ፦ የሱፐርቻርጀሬን 75 ሚሊሜትር ፑሌ (ችንጋው የሚያዞረውን መንኮራኩር) በ65 ሚሊሜትር ብለውጠው ጉልበት አገኛለሁ?

መልስ፦ ያገኛሉ፤ ግን አስቀድመው ያስሉ። በክራንክ ዘንጉ ላይ ያለው ፑሌ 150 ሚሊሜትር ነው ብለዋል። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ አሁን 14,000 ጊዜ ይዞራል፤ በአዲሱ ፑሌ ግን ከ16,000 ያልፋል። ሠሪው የፈቀደው ጣሪያ 14,000 ከሆነ፣ የሚያገኙት ትርፍ በአብዛኛው ሙቀት ነው። ችንጋውም ትንሹን ፑሌ የሚነካበት ስፋት ስለሚቀንስ መንሸራተት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ቱርቦ በጭስ ጉልበት ስለሚዞር ይሻላል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ በቅልጥፍና ረገድ እውነት ነው፤ ሱፐርቻርጀር የሚዞርበትን ጉልበት ከራሱ ከሞተሩ ይወስዳልና። በአንጻሩ የሩትስና ባለመንታ ብሎን ዓይነቶቹ ነዳጅ መስጫው እንደተረገጠ ወዲያውኑ ይመልሳሉ፤ መታጠፊያ በበዛበት መንገድ ይህን እመርጣለሁ። ሴንትሪፉጋል የሚባለው ዓይነት ግን ግፊቱን የሚያሳየው ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሄድ ብቻ ስለሆነ፣ ይህንኑ ጠባይ ፈልገው እንዳይገዙት። በ1920ዎቹ መርሴዲስ ሱፐርቻርጀሩን የሚያሠራው ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ብቻ ነበር፤ የጉልበቱ ወጪ ያኔም ይታወቅ ነበር።

ጥያቄ፦ ከተገጠመልኝ ወዲህ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይፈጥንም።

መልስ፦ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ክፍት በሆነ መንገድ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ነዳጅ አጥብቀው ይስጡ፤ የዙር መለኪያው ዘሎ የፍጥነት መለኪያው ካልተከተለው፣ ለአዲሱ ጉልበት የሚመጥን ፍሪሲዮን ያስገጥሙ፤ እስከዚያው ድረስ በሙሉ ግፊት አይንዱ።