ቅዳሴ መሃል ሽንቴ ሲመጣብኝ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ስሜን አይጥቀሱብኝ። 36 ዓመቴ ነው፣ ቤቴም ሥራዬም ፒያሳ አካባቢ ነው። የሽንት ፊኛ ሕመም ካለብኝ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ፊኛዬ ሲሞላ ያመኛል፣ ሳልሸና ግማሽ ሰዓት አልቆይም። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባልኩ፣ ከዚያ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ስንት አንቲባዮቲክ ዋጥኩ፣ በመጨረሻ አንድ ሐኪም ኢንፌክሽን እንደሌለብኝና አብሮኝ የሚቆይ የፊኛ ሕመም እንደሆነ ነገረኝ። ቅዳሴ ላይ ሦስት አራት ጊዜ እወጣለሁ። እንዳልወጣ ብዬ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አልጠጣም ነበር። አንዳንዴም ያመልጠኛል። አንድ ቀን አንዲት እናት «ከቅዳሴ የሚያስወጣሽ ሰይጣን ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ አልሄድኩም፣ አልቆረብኩም። እንዲህ ሆኜ መቁረብ እችላለሁ? መድኃኒቴንስ? ፍልሰታም እየመጣ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። መጀመሪያ ያቺን እናት ይቅር በያቸው። ክፉ አስበው አይመስለኝም። ግን የሰይጣንን ሥራ ካነሳን አይቀር፣ ሰባት ወር ከቁርባን ያራቀሽ ያ ንግግር ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ቆሎ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ሽማግሌ ነበሩ፣ ሽንት ያጣድፋቸዋል። ማኅሌት ቆመው ሳለ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፉና ውልቅ ይላሉ። መቋሚያው ቦታቸውን ይጠብቃል፣ ማንም አይቆምበትም። እኛ ልጆች ደግሞ እንሳሳቅ ነበር። አንድ ሌሊት ሲመለሱ ያዙን። «ያረጀው ፊኛዬ ነው፣ እምነቴን ማናችሁ አያችሁት?» አሉና ጸናጽላቸውን አንስተው ቀጠሉ። እሳቸው ወጥተው ሲመለሱ ማኅሌቱ የጎደለበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሥርዓቱ ቅዳሴ ከተጀመረ በኋላ ያለ ምክንያት መውጣትና መግባትን ይከለክላል። ልክ ነው። ይህ ግን ስልክ ለማንሳት ለሚወጣውና ሰልችቶት ደጅ ለሚያወጋው ነው። ሕመም ምክንያት ነው። ቅዳሴው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ይሄዳል፣ ያንቺ ፊኛ ግማሽ ሰዓት ነው የሚችለው፣ ስለዚህ መውጣትሽ አይቀርም። ቅዳሴውን ስለምታውቂው ጊዜሽን ከሱ ጋር አስማሚው። ወንጌል ከመነበቡ በፊት አንዴ፣ ፍሬ ቅዳሴው ከመግባቱ በፊት አንዴ። ከዚያ ካጣደፈሽም ውጪና ተመለሺ።

ያመልጠኛል ላልሽው፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15ን አንብቢ። ሰውን ያረክሳሉ ተብለው የተዘረዘሩ ፈሳሾች አሉ፣ ሽንት ግን የለበትም። ንጹሕ ልብስ ልበሺ፣ ሞዴስ አድርጊ፣ ቅያሪም ያዢ፣ ይህን ለቤቱ ክብር ስትዪ ታደርጊዋለሽ። ሽንትሽ ውስጥ ደም ካየሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ ስለ መቁረቡም ንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ከተጨመረበትም አታሳድሪው።

12 ዓመት ደም ሲፈስሳት የነበረችውን ሴት ታውቂያታለሽ። ማርቆስ በምዕራፍ 5 በብዙ ባለ መድኃኒቶች እጅ እንደተሠቃየችና ገንዘቧን ሁሉ እንደጨረሰች ሳይደብቅ ጽፎታል። ስድስት ዓመት ከፋርማሲ ፋርማሲ ለዞርሽው ላንቺ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። እሷ በኦሪቱ ርኩስ የምትባል ነበረች፣ ሰው እየተጋፋ ከኋላ መጥታ ልብሱን ነካች። ጌታ «ልጄ ሆይ» አላት።

አሁን የምቆጣሽ ላይ ደረስኩ። ውኃውን ማነው ተዪ ያለሽ? ውኃ ሳትጠጪ ስትቀሪ ሽንትሽ ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ የታመመውን ፊኛ የበለጠ ያቃጥለዋል። ሽንቱ አነሰ እንጂ ማጣደፉ ጨመረ፣ አይደል? ሐኪሞቹም የሚሉት ይህንኑ ነው፣ ባንዴ አትገልብጪው እንጂ ቀኑን ሙሉ ፉት እያልሽ ጠጪ። ለቁርባን 18 ሰዓት መጾም ሥርዓት ነው፣ ስለዚህ ሰዓቱ ከመግባቱ በፊት በደንብ ጠጥተሽ ግቢ። ያም ካልተቻለሽ ምን ያህል እንደሚቀልልሽ የሚወስነው ንስሐ አባትሽ ነው፣ እኔ ከሩቅ ሆኜ ልፈታሽም ላስርሽም አልችልም። መድኃኒትሽን በራስሽ እንዳትዘልዪው። ሐኪምሽን «ሰዓቱን ወደ ከሰዓት ማዞር ይቻላል?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ጥያቄው እዚያው ያልቃል።

ጸበል ከጀመርሽ ጸበልሽን ጠጪ፣ መድኃኒትሽንም ውሰጂ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስም በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስዱ መክረዋል። ለነሱ ከሆነ ላንቺ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ፍልሰታን በተመለከተ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛን ለይቶ ያያል። አንቺ ምግቡን መጾም የሚከብድሽ አይመስለኝም፣ የሚከብድሽ ያለ ውኃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ነው። ይህን ለንስሐ አባትሽ ለይተሽ ንገሪያቸው፣ «አሞኛል» ብቻ ካልሽ አይገባቸውም። ሌላው ደግሞ የጾም ምግባችን ራሱ ለፊኛ ክፉ ነው። በርበሬ የበዛበት ሽሮ፣ ቲማቲም በሎሚና በቃሪያ፣ ከዚያ ላይ ቡና! እነዚህ ብዙ ሕመምተኞች ላይ ሕመሙን ያስነሱባቸዋል፣ ሁሉንም ሰው ግን እኩል አይነኩም። አልጫ ክክ፣ ድንች፣ ጎመን ሞክሪ፣ የሚያስነሳብሽን በደብተር መዝግቢ። ቡናን ለሁለት ሳምንት ተዪውና እዪው። አውቃለሁ፣ ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ከጾሙ ይከብዳል።

ብርድ ነው ያሉሽም ጨርሶ አልተሳሳቱም። ብርድ በሽታውን አያመጣውም፣ ግን ሲበርድ ሽንት ይበዛል። ነሐሴ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ወገብሽን ሸፍኚ። ሕመሙ ረገብ ባለ ጊዜም ሐኪምሽን አማክረሽ ፊኛሽን አለማምጂው። ዛሬ በ30 ደቂቃ ከሄድሽ የሚቀጥለው ሳምንት 35 አድርጊው። ቀስ ይላል፣ ተስፋ አትቁረጪ።

በእግርሽ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ቅድስት ሥላሴ ስትሄጂ ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ላይ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተዋል፣ የት የት እንዳሉ ቀድመሽ እዪ፣ ዝርዝር ብርም ያዢ።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ። አታፍሪ፣ ካህን የማይሰማው ነገር የለም። «አባ፣ የሽንት ፊኛ በሽታ አለብኝ፣ ግማሽ ሰዓት አልቆይም፣ ሰባት ወር አልቆረብኩም» በያቸው። ሦስቱን ብቻ። ሌላውን እሳቸው ይጠይቁሻል። እሑድ ደግሞ በሴቶች በር በኩል ከኋላ ቁሚ። ጫማሽን ከዚያ ሁሉ ክምር ጋር አትተዪው፣ ሲያጣድፍሽ ጫማ ፍለጋ መጎንበስ ፈተና ነው። በፌስታል አድርጊና አጠገብሽ አስቀምጪው።